ኦቴከር፦ ከ«ኮንፊልድ» ወዲህ ያለው ሥራቸው እንዴት ገባችሁ?

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የእንግሊዙን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ኦቴከርን የምትሰሙ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጠይቅ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«አምበር»ን በጣም እወደዋለሁ። በ1994 የወጣ አልበም ነው፤ እኔ ግን የደረስኩበት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሥራዬ ግራፊክስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ አመሻለሁ፣ ቤተሰብ ሲተኛ ሄድፎኔን አድርጌ እሱን እከፍታለሁ። ሲንተሳይዘሩ ሰፊ ነው። ዜማው አይቸኩልም። ከሱ በፊት የወጣው «ኢንኩናቡላ»ም እንደዚያው ነው። «ትራይ ሬፔቴ» ላይ ነገሩ ደረቅና ጠንከር ይላል፤ ቢሆንም ምቱ ስለሚይዘኝ አብሬው እሄዳለሁ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የ2001ን «ኮንፊልድ» ስከፍት የምይዘው ነገር አጣለሁ። ምቱ የት ጋ እንደሚጀምር አላውቅም። አንድ ነገር ያዝኩ ስል ይበተናል። ጩኸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘግቼው ወደ ሌላ እሄድ ነበር። ግን ውስጡ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ የሚያስቆጨኝ እሱ ነው።

የቡድኑ ወዳጆች ሁሉ «ታገስ፣ ደጋግመህ ስማው፣ አንድ ቀን ይከፈትልሃል» ይላሉ። ምክሩን አልጠላሁትም። ግን ደጋግሞ የሰሙት ነገር ሁሉ እኮ ይለመዳል። የጎረቤቴ ጄኔሬተር እንኳ ተለምዷል። መልመድ ደግሞ መውደድ አይደለም። እናንተ በጊዜ ብዛት የወደዳችሁት ሰዎች፣ የተቀየረው ምንድን ነው? ጆሯችሁ ነው? ስለ ሰዎቹ ያወቃችሁት ነገር ነው? ወይስ እንዲሁ ለመዳችሁት? የትኛው ትራክ ላይ ምን ስትሰሙ ነገሩ እንደተለወጠ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። «ጂኒየስ ናቸው» የሚለውን ግን እባካችሁ ዝለሉት፣ እሱን በየቦታው አንብቤዋለሁ።


ካሴት ሰብሳቢ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ስለ መልመድ ያነሳኸውን ላስቀድም። የለመድከውን ድምፅ መስማት ታቆማለህ። ጄኔሬተሩ ትዝ የሚልህ ሲጠፋ ነው። በ«ኮንፊልድ» እኔን የገጠመኝ ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ በሰማሁት ቁጥር ከዚህ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር ነው የሚመጣው፣ ከሥር የነበረ ዜማ፣ ዘግይቶ የሚገባ ቤዝ፣ ሩቅ ቦታ የሚንኳኳ ነገር። ስለዚህ መልመድ ብቻ ነው ቢሉኝ አልቀበልም።

እኔ እንደሚመስለኝ መንገድህን ያጠበበው ያው የምትወደው «አምበር» ነው። እሱን የወደደ ሰው ከኦቴከር የሚጠብቀው ያንን ሰፊ ሲንተሳይዘር ነው፤ ከበሮው አጃቢ ይመስለዋል። ሰዎቹ ግን የመጡት ከከበሮው በኩል ነው። ሁለቱ የቡድኑ አባላት፣ ሾን ቡዝና ሮብ ብራውን፣ ማንቸስተር አጠገብ ካለችው ከሮችዴል ናቸው፣ የተዋወቁትም በ1980ዎቹ ግራፊቲ በሚሥሉ ልጆች መካከል ነው። የሚሰሙት ኤሌክትሮና ሂፕሆፕ ነበር፣ እነ ማንትሮኒክስን። ካሴት እየቆራረጡ ሚክስ እየሠሩ ይለዋወጡ ነበር። መሣሪያቸውም ርካሽ ነበር፦ ካሲዮ ኤስኬ 1 የምትባል ትንሽ ሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት መሣሪያ) እና ሮላንድ 606 ድራም ማሽን። በኋላ የሸፊልዱ ሙዚቃ አሳታሚ ዋርፕ በ1992 «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚል ስብስብ ሲያወጣ እዚያ ላይ ገቡ፤ ስብስቡ ቤት ቁጭ ብሎ ለመስማት የታሰበ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነበር። «ኢንኩናቡላ»ና «አምበር» የመጡት በዚያ አየር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው እነሱን መነሻ አድርጎ «በኋላ ተለወጡ» ይላል። እኔ ግን በኋላ ወደ መነሻቸው የተመለሱ ነው የሚመስለኝ።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ «ኮንፊልድ»ን እንደ ሂፕሆፕ ቢት መስማት ጀመርኩ። ኪኩ፣ ወፍራሙ ከበሮ፣ የት አለ? ስኔሩ፣ ቀጭኑ፣ የት ይመልሳል? «ፔን ኤክስፐርስ»ን ክፈትና ከላይ የሚፈነዳዳውን ለጊዜው ተወው። ከሥሩ ሲንተሳይዘር አለ፣ በጣም የሚያምር፣ ሐዘን ያለበት ዜማ ይዞ የሚሄድ። ከ«አምበር» የወደድከው ነገር እዚያው ነው ያለው።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ለኔ ብዙ ያስረዳኝ ስለሆነ። በ1994 የእንግሊዝ መንግሥት ሜዳ ላይ የሚደረጉ የሬቭ ጭፈራዎችን የሚያግድ ሕግ ሲያረቅ፣ ሙዚቃውን የገለጸው በሚደጋገሙ ተከታታይ ምቶች ነበር። ሕግ አውጪ ምትን በአንቀጽ ሲገልጽ አስቡት። ኦቴከር «አንቲ» የሚል ኢፒ (ከአልበም ያጠረ ሥራ) አወጡ፣ ሦስት ትራክ ያለው። ሁለቱ የሚደጋገም ምት አላቸው። «ፍላተር» የሚባለው ግን አንዱ ባር (የምት ዙር) ከሌላው ጋር እንዳይመሳሰል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሽፋኑ ላይ በለጠፉት ማሳሰቢያ፣ ይሄን የሚያጫውት ዲጄ ፖሊስ ከመጣበት ምቱ እንደማይደጋገም የሚያረጋግጡለት ጠበቃና የሙዚቃ ምሁር አጠገቡ እንዲያደርግ መከሩ። ትርፉንም ሊበርቲ ለሚባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት አደረጉት። ሕጉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ጸደቀ።

ይሄን ሁሉ የማወራው «ፍላተር» ካንተ ጥያቄ ጋር ቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። ስትሰማው ዜማው ይዞህ ይሄዳል፣ ሰፊው ሲንተሳይዘርም አለ፣ ከበሮው ግን በየባሩ ይለዋወጣል፤ ሰውነትህም አይጠፋበትም፣ ራስህን ታወዛውዛለህ። ማለት የማይደጋገም ምት መከተል ትችላለህ፣ ጆሮህ ችሎታው አለው። የወጣውም ከ«አምበር» ጋር በአንድ ዓመት ነው። በሱ ግባ።


ባለ ክራሯ፦

ከላይ የተባለው ተመችቶኛል። እኔ ሙዚቃ ተምሬያለሁ፣ ስለዚህ በአሠራሩ በኩል ልምጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ማክስ የሚባለው ሶፍትዌር ሥራቸው ውስጥ ትልቅ ቦታ ያዘ። ማክስ እንደ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከበሮና ባር ደርድሮ አይጠብቅህም። ባዶ ገጽ ነው፤ ሳጥኖችን በመስመር እያገናኘህ የራስህን መሣሪያ ትሠራለህ። ኖታውን አንድ በአንድ ከማስቀመጥ ይልቅ ሕግ ማውጣት ትችላለህ። ለምሳሌ፦ ይሄ ድምፅ ሲመታ ያኛው ትንሽ ይዘግይ፣ ደጋግሞ ከዘገየ ደግሞ ይቅደም። ምሳሌው የራሴ ነው፣ ሐሳቡን ለማሳየት ነው። «ኮንፊልድ» ላይ ይሄ ዓይነት አሠራር ጎልቶ ይሰማል። ብዙ ሰው በዘፈቀደ የተበተነ ይመስለዋል። ነገር ግን ሕግ አለው፣ ሕጉንም ያወጡት፣ የሚስማማቸውንም የመረጡት እነሱ ናቸው። ሰሚው ሕጉን ላያውቀው ይችላል፤ ፀባዩን ግን ቀስ እያለ ይለየዋል። የሚወስደው ጊዜ ለኔ የሚገባኝ በዚህ ነው። የአዲስ ሰው አነጋገር እስክትለምድ ጥቂት ቀን ትፈልግ የለ።

አሁን ወደ ተግባሩ። የአልበሙን የመጀመሪያ ትራክ «ቪስኮዝ ፖይዝ»ን ስትከፍት ብረት የሚመስል ነገር እየተሽከረከረ ሲንቀጫቀጭ ትሰማለህ። አንተ፣ ከጥያቄህ እንደገባኝ፣ ወዲያው ምት ትፈልጋለህ። አትፈልግ። ያንን ቀጭን የብረት ድምፅ ብቻ ያዝ፣ ሲፈጥን ፍጠን፣ ሲረግብ ርገብ። ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አሽከርክረህ ሊወድቅ ሲል የሚያሰማውን ታውቀዋለህ አይደል፣ እሱን ነው የሚያደርገው፣ ግን አይወድቅም። ቆየት ብሎ ዜማ ይገባል፣ ዝግ ያለ፣ ምንም የማይረበሽ። ዜማው ሲገባ ያ ሁሉ መንቀጫቀጭ ቦታውን ያገኛል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከዜማው ጀምር፣ ብረቱን ተወው።

«ኮንፊልድ» ከከበደህ ግን ወደ ኋላ ሂድና የ1998ን «ኤልፒ 5» ስማ፣ በተለይ «ፎልድ 4 ራፕ 5»ን። ስለዚህ ትራክ ብዙ ማውራት እችላለሁ። ቴምፖው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዘገያል። ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ በስሌት ከሆነ መቆም ነበረበት፣ ግን አይቆምም፤ ሁልጊዜ እየዘገየ ነው፣ ሁልጊዜም የሚዘገይበት ቦታ አለው። ሚስጥሩ እንዲህ ነው፦ ዋናው ምት እየተራራቀ ሲሄድ በመካከሉ ያሉት ትንንሽ ምቶች ቀስ በቀስ ይጎላሉ። አንድ ቦታ ላይ ጆሮህ አሮጌውን ምት ለቆ ትንንሾቹን ዋና አድርጎ ይይዛል። ከዚያ እነሱም በተራቸው ይራራቃሉ። ይሄን ዓይነቱን የማያልቅ መዘግየት ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዣን ክሎድ ሪሴ የሠራበት ነው፣ በሙዚቃ ትምህርትም በሱ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ስሰማው ደረቴ ላይ የሆነ የሚከብድ ስሜት ብቻ ነበር። አሠራሩን ካወቅኩ በኋላ በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ለመከተል ሞከርኩ፣ የት ጋ ወደ ትንሹ ምት እንደተሻገርኩ ለመያዝ። እስካሁን አልያዝኩትም። ማወቄ ግን ስሜቱን አልቀነሰብኝም፣ ጨመረልኝ እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል። የኛ ጆሮ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ አንዱ በሁለት ያጨበጭባል፣ ሌላው በሦስት ይቆጥራል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ማንም «ምቱ የት ነው?» ብሎ አይጨነቅም። በገናን ደግሞ አስቡ። አውታሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ድምፁ እንዲያንዘረዝር ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ንዝረቱን አጥርተህ አውጣው ብትለው በገናው በገና መሆኑን ያቆማል። «ትራይ ሬፔቴ» ሲወጣ የሲዲው ሽፋን ላይ ያለ ሸክላ ጭርጭርታ ያልተሟላ እንደሆነ፣ የሸክላው ላይ ደግሞ ከነጭርጭርታው የተሟላ እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ይሄ ሐሳብ በገና ሰምቶ ላደገ ሰው ለመረዳት አይከብድም።


ሰሜን እንግሊዝ፦

አጭር ነገር። እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው፣ በአካል ሰምቻቸዋለሁ። የሚጫወቱት በጨለማ ነው። መብራት በሙሉ ይጠፋል። ስክሪን የለም፣ ጭስ የለም፣ ሰዎቹንም አታያቸውም። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፣ ስልክ ይወጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዓይንህ የሚሠራው ሲያጣ ድምፁ ቦታ ይይዛል፤ ይሄኛው ከግራ ነው፣ ያኛው ከእግርህ ሥር ነው፣ ቤዙ ደግሞ ሆድህ ውስጥ ነው። እኔ የተለወጥኩት እዚያ ነው። በትንሽ ስፒከር ስሰማ የተበታተነ ይመስለኝ የነበረውን ያያያዘው ቤዙ ነበር፤ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ቤዙን አያወጣውም።

ስለዚህ ለጠያቂው፦ ሄድፎን ማድረግህ ጥሩ ነው። ሥራ እየሠራህ ግን «ኮንፊልድ»ን አትስማ። «አምበር» ከሥራ ጋር ይሄዳል፣ አንተም የወደድከው እንደዚያ ነው። ይሄኛው ሙሉ ሰው ይፈልጋል። መብራት አጥፍተህ፣ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ፣ አንድ ትራክ ብቻ። ሙሉ አልበም አትሞክር።


ቀጥታ ልናገር፦

ሁላችሁም ጥሩ ነገር ጽፋችኋል፣ ግን አንድ ሰው ሌላውን ወገን መናገር አለበት።

ኦቴከርን ለረጅም ጊዜ ሰምቻለሁ። «ትራይ ሬፔቴ» ለኔ ከየትኛውም የኤሌክትሮኒክ አልበም ይበልጣል። የ2020ው «ሳይን»ም ልቤን ነክቶታል፣ ዜማው ግልጽ ነው፣ እንደ ድሮው ሰፊ ነው፣ ግን ሰላሳ ዓመት የሠራ ሰው እጅ ይታይበታል። በመካከል ያለው ብዙው ግን አልገባኝም፣ እንዲገባኝም ራሴን አላስገድድም። በ2016 «ኤልሴክ» የሚባል አምስት ክፍል ያለው ሥራ አወጡ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። በ2018 ደግሞ ለለንደኑ ኤንቲኤስ ሬዲዮ የስምንት ሰዓት ሙዚቃ ሠሩ፣ የመጨረሻው ትራክ «ኦል ኤንድ» ብቻውን ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል። የሥራ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የሚጠይቅ ሙዚቃ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ካልሰማሁት ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ ማለት አይደለም።

የማልወደው «ታገስ» የሚለው ምክር እንደ ግዴታ ሲቀርብ ነው። ሰው ያልወደደውን ሙዚቃ ሲናገር «ገና ስላልገባህ ነው» ይባላል። እንዲህ ከሆነማ ማንም ሰው ምንም ነገር አልወደድኩም ማለት አይችልም። አንዳንዱ ሙዚቃ ገብቶህም ላትወደው ትችላለህ። የሌሊት ፈረቃ፣ «ውስጡ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኛል» ያልከው ለኔ ትልቁ ነገር ነው። እሱ ካለ ቀጥል። እሱ ሲጠፋ ተወው፣ ማንንም ሳትፈራ።


ካሴት ሰብሳቢ፦

ቀጥታ ልናገር፣ በዚህ እስማማለሁ። «ኤልሴክ»ን እኔም በሙሉ አልወደውም። ኤንቲኤሱን ግን በአንድ ቁጭታ የሚሰማ አድርገህ አትየው። የተላለፈው ራሱ በአራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። «ኦል ኤንድ» ደግሞ እንዳንተ ላለ ጆሮ ነው፤ ከበሮ የለበትም፣ አንድ ትልቅ ድምፅ ቀስ እያለ ሲለዋወጥ ነው። ልጆች ሲተኙ አስር ደቂቃውን ብቻ ስማ። የቀረው ባይሰማም ምንም አይልም።


የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ልጆች፣ የምታወሩትን ቡድን አላውቀውም፣ ልጄ ነው ይሄን ውይይት ያሳየኝ። ግን ጥያቄውን አውቀዋለሁ።

ኃይሉ መርጊያ በ1985 እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ለብቻው የቀዳው ካሴት አለ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን፣ ሌላ ሰው የለበትም። እኛ ኃይሉን የምናውቀው ከዋልያስ ባንድ ጋር ነው፣ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል። ከበሮውን ሰው ሲመታው፣ ቤዙን ሰው ሲጫወተው። ካሴቱን ያኔ ስሰማው ማሽኑ ቀዘቀዘብኝ። ጥሩ ነው፣ ግን ሰው የጎደለው መሰለኝ፤ ስደትም ላይ ስለነበርን ይሆናል እንደዚያ የተሰማኝ።

እየቆየ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አይደክምም፣ አይፈጥንም። ኃይሉ በሱ ላይ አኮርዲዮኑን እንደፈለገ ያዘገየዋል፣ ያስቀድመዋል፣ ዜማውን ያስረዝመዋል። ማሽኑ እንደዚያ ባይሆን ይሄ ነፃነት አይሰማም ነበር። ሰው የጎደለ የመሰለኝ ቦታ ላይ ነው ሰውየው በደንብ የሚሰማው። በ2013 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት እንደገና ሲያወጣው የፈረንጅ ወጣት ሁሉ ሰማው፣ ኃይሉም ታክሲ እየነዳ ከኖረ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። እኔ የተለወጥኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ ካሴቱ መኪናዬ ውስጥ ስለነበረ።


ባለ ክራሯ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ሰው የጎደለ የመሰለኝ ቦታ ላይ ነው ሰውየው በደንብ የሚሰማው» ያሉትን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ ከፈቀዱልኝ።

ጋሼ ኃይሉን ካነሱ አይቀር፣ ከሱ በኋላ የመጡትንም ላንሳ። ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ፣ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ነው የሚጠሩት። የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 ወጥቷል። የኛን ባህላዊ ድምፆች ቆራርጦ ከሲንተሳይዘር ጋር ሲያስገባቸው፣ ከላይ የለጠፈ ሳይሆን ከውስጥ የበቀለ ነው የሚመስለው። እሱም መጀመሪያ ላይ አያስደንስም። የሌሊት ፈረቃ፣ ከኦቴከር ስትደክም እሱን ስማው፤ የምታውቀው ድምፅ በማታውቀው ቦታ ሲመጣ ጆሮህ ምን እንደሚያደርግ ታያለህ።


የሌሊት ፈረቃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ጋሼ፣ እርስዎንም በተለይ፤ ካሴቱን ፈልጌ ሰምቼዋለሁ፣ አኮርዲዮኑ ሲዘገይ ያሉት ነገር ገብቶኛል።

በተባልኩት መሠረት ሥራ አቁሜ፣ መብራት አጥፍቼ ሰማሁ። በ«ፍላተር» ጀመርኩ፤ እሱ ወዲያው ነው የገባኝ፣ ለምን እስከዛሬ እንዳልሰማሁት ነው የገረመኝ። «ፎልድ 4 ራፕ 5» ላይ ግን በጣም ነው የተያዝኩት። እኔም በጣቴ ልከተል ብዬ ጠፋብኝ። አንድ ቦታ ላይ እየዘገየ ነው ወይስ ቆሟል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። «ቪስኮዝ ፖይዝ» በከፊል ነው። ብረቱን ስከተል ጥሩ ነበር፣ ዜማው ሲገባ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ልስማ ስል ሁለቱንም አጣኋቸው። «ፔን ኤክስፐርስ» ገና ነው። ከሥር ያለው ሲንተሳይዘር ይሰማኛል፣ የላዩ ግን ያደክመኛል። ቀጥታ ልናገር፣ ያልከው «የሆነ ነገር አለ» የሚለው ስሜት አልጠፋም፣ ስለዚህ እቀጥላለሁ።

አሁን የማልረዳው አንድ ነገር ነው። ባለ ክራሯ ስለ ሕጎቹ ጽፈሻል። ሕጉ አንድ ሆኖ ሙዚቃው ሌላ ጊዜ ሌላ የሚሆን ከሆነ፣ ያንን የማነጻጽርበት ነገር አለ? አልበሙ እኮ የተቀዳ ነው፣ ሁልጊዜ ያው ነው።


ሰሜን እንግሊዝ፦

አለ። በ2015 የኮንሰርት ቅጂዎቻቸውን በራሳቸው አወጡ፣ «ኤኢ ላይቭ» በሚል። ከ2014 የክራኮቭና የደብሊን አሉ፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። አጥንቱ አንድ ነው፣ በየከተማው ግን የተለያየ ቦታ ይቆያሉ፣ አንዱ ጋ ቸኩለው ያለፉትን ሌላው ጋ ያንቀረፍፉታል። ክራኮቭን ለብቻ ስማው፣ በሌላ ቀን ደብሊንን። ከዚያ የሁለቱን መጀመሪያ አስር ደቂቃ አከታትለህ ክፈት። የትኛው ድምፅ እንደቆየ፣ የትኛው እንደተለወጠ እየያዝክ ሂድ። ስትጨርስ እዚህ ጻፍልን፣ እኔ የደብሊኑን ነው የምመርጠው፣ አንተ ምን እንደምትል ማየት እፈልጋለሁ።